አምስት ጊዜ የቆፈርኩት መሬት

ለንደን፣ ዊልስደን የገባሁት በብርዱ ወራት ነው። የተሰጠችኝ ክፍል አልጋው ከተዘረጋ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ስለዚህ በጎኔ እገባለሁ፣ በጎኔ እወጣለሁ። ወረቀቴ ኢሚግሬሽን ጋ ነው። እስኪወሰን ሥራ አትሠራም ተብያለሁ፤ ሳታሳውቅ አድራሻ እንዳትቀይር ተብያለሁ፤ ጠብቅ ተብያለሁ። ሶሊሲተሬ፣ ጠበቃዬ ማለት ነው፣ ቢሮዋ ካምደን ነው፤ በሄድኩ ቁጥር «ደብዳቤ ይመጣል» ብላ ትመልሰኛለች። ደርግ እንኳ ሲያስርህ አንድ ዘበኛ ይመድብልሃል። እዚህ ዘበኛም የለም፤ ራስህን አንተው ትጠብቃለህ።

ክፍሏን የሰጡኝ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ በአማርኛ ተምረው፣ ለንደን ያረጁ፤ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፉ የኖሩ ሰው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ወደይ» ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ሲናደዱ ደግሞ «አንተ አማራ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን ሻይ እየቀዱልኝ «የእናንተ መንግሥት እኔን አገር አልባ አደረገኝ፣ አሁን ደሞ አንተን አባሮ እኔው ላይ ጣለህ። ኧረ እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ኪራይ አልጠየቁኝም። ውለታ ከኪራይ እንደሚከብድ ያላወቀ ሰው ብቻ ነው በዚህ የሚደሰተው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ በሽቦ የታጠረ ቦታ አለ፤ አሎትመንት ይሉታል። ካውንስሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ለሰፈሩ ሰው አንዳንድ ጠባብ ማሳ እየሸነሸነ የሚያከራየው ነው። ጋሼ አራት ዓመት ወረፋ ጠብቀው ነው ያገኙት። ጎመን ያበቅሉበታል፣ ነጭ ሽንኩርት ያበቅሉበታል። ከሆስፒታልና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ለንደን ውስጥ የሚሄዱበት ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወገባቸውን ኦፕሬሽን ሆኑ፤ ዶክተሩ ጡረታ አስወጣቸውና አካፋ እንዳይነኩ ከለከላቸው። ማሳውን አረም ወረሰው። ካውንስሉም ደብዳቤ ጻፈ፦ ጁን መጨረሻ ላይ ሰው መጥቶ ቼክ ያደርጋል፤ ከአራት ሦስት እጁ ካልለማ መሬቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጋሼ ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ ለጠፉት። «ይቺን ከወሰዱብኝ ቲቪ ፊት ቁጭ ብሎ ሞትን መጠበቅ ነው የቀረኝ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ትራክተር ስትነዳ ነበር አይደል?» አሉኝ።

«ነበር።»

«እንግዲያው እዚህ ሞተሩ አንተ ነህ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የቢቸና ገበሬ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስወድቅ ካድሬዎቹ ሰብስበው ቆላ አወረዱንና በመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር አስነዱን። ሌላ ነገር አላውቅም፣ ማረስ ግን አውቃለሁ። አባቴ ለጤፍ መሬቱን አምስት ጊዜ ያርሰዋል። ሁለቴ አርሶ የዘራ ሰው በኛ አገር ስሙ ይጠፋል፤ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳ ያሙታል። «መሬት ካላስለቀስከው አያበላህም» ይል ነበር አባቴ።

ማርች ላይ አካፋውን ስሰካው አፈሩ ጨምድዶ ያዘው። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ በጣቴ አሸሁት። ጫማ ላይ የሚለጠፍ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከባድ አፈር። «ዋልካ እኮ ነው ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል እንጂ የኛው ዋልካ ነው። ለንደን ከገባሁ ያወቅኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር።

ከኛ ቀጥሎ ያለው ማሳ የአንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ነው። ቀጭን ናት፣ በበጋም በክረምትም የሱፍ ቆብ ታደርጋለች። መሬቷ ላይ የበሰበሰ ገለባ፣ ቅጠል፣ ፍግ ተነስንሶበታል፤ የተቆፈረ ቦታ ለመድኃኒት አይገኝም።

«ይቺ ሴትዮ ሰነፍ ናት፣ እንዴት እስካሁን አልነጠቋትም?» አልኩ።

«እሷ አትቆፍርም። አካፋ ከሰካች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ትበላለች?»

«አንተን የሚያስቀናህን» አሉ ጋሼ።

ቆፈርኩ። እንዴት እንደቆፈርኩ! ጓሉን ሁሉ ስም እየሰጠሁ ነበር የምፈልጠው። ይሄ ካድሬው ነው፣ ይሄ ድንበር ላይ ሰዓቴን የወሰደብኝ ነው፣ ይሄ ኤርፖርት ሦስት ቀን ያስተኛኝ ሰውዬ ነው። አንዴ ገለበጥኩት። ሳምንት ቆይቼ ደገምኩት። ሠለስኩት። አራተኛ፣ አምስተኛ። እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ጠነከረ። ማታ ያቺ ክፍል ውስጥ እንደ ግንድ እተኛለሁ፤ ከመጣሁ እንቅልፍ ያገኘሁት ያን ወር ብቻ ነው። ሲያልቅ አፈሩ ዱቄት ሆነ። የእንግሊዞቹ ሽማግሌዎች እንኳ ቆመው እያዩ አውራ ጣታቸውን ቀሰሩልኝ።

ሴትዮዋ ብቻ ወደ አጥሩ መጣችና ለጋሼ የሆነ ነገር ነገረቻቸው።

«ምን አለች?»

«እንደ ፓስታ ነጭ የሆነውን የአረም ሥር አትቆራርጠው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል አለች።»

«ትራክተር ነጂ ነኝ ብለው ይንገሩልኝ።»

ነገሯት። ሳቀችና አንድ ቃል ጣል አድርጋ ሄደች።

«አሁንስ ምን አለች?»

«እናያለን አለች።»

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን እስከዛሬ የሚያነሱብኝ አሉ። በዋልካ ላይ ጤፍ ሲዘራ መሬቱ በከብት ይረገጣል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ከላላ ይሰምጣል፤ ስለዚህ በሬውም ላሟም አህያውም ይነዳበታል፤ መሬቱ እንደ አውድማ እስኪደለደል። የጎመን ዘርም ደቃቅ ነው፣ የካሮትም ደቃቅ ነው፤ ያው ነው ብዬ አሰብኩ። ዊልስደን ውስጥ በሬ ከየት ይመጣል? ኬኒንግተን የሚኖሩ ሁለት ጓደኞቼን ጠራኋቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አስጠቀለልኳቸው።

«እኔ ቀኝ በሬ ነኝ፣ ከሱ ጋር አልጠመድም» አለ አንዱ።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ወይፈን እንኳ አልደረስክም» አለው ሌላው።

«ገለባ ሳይሰጠን ነው እንዴ የምንሠራው? ደርግም እንዲህ አላደረገን!»

«ሃይ! ዝም ብላችሁ ርገጡ!» እያልኩ ከኋላ በእንጨት እነዳቸዋለሁ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወገባቸውን ይዘው «ኧረ ስፌቴን አትፍቱብኝ!» ይላሉ። እንግሊዞቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አንድ ውሻ አበደብን። ሴትዮዋ የሻይ ኩባያዋን ይዛ ስታየን አልሳቀችም፤ ሰው ግድግዳ ሲደረምስ እንደሚያይ ሰው ነበር ፊቷ።

ያኑ ዕለት ዘሩን በተንኩበት። በማግሥቱ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ከዚያ ደረቅ ነፋስ መጣ፤ ሦስት ሳምንት ጠብ ያለ ነገር የለም። ያ ዱቄት የነበረ፣ ተረግጦ፣ ረጥቦ፣ ደርቆ ምን ሆነ? ጡብ። ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል። ውኃ ሳፈስበት አስፋልት ላይ እንደፈሰሰ ሁሉ ወርዶ ወደ መንገዱ ይሄዳል፣ ይዞት የሚሄደውም አፈሬን ነው። ዘሩ ከሥር በስብሶ ቀረ። ሰንጥቆት የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ነጭ ሥር። አንዱን ሥር አሥር ቦታ ቆራርጬው፣ አሥር ሆኖ በቀለልኝ።

ጋሼ ማሳውን ዞረው አዩት። አልተቆጡም። «አራት ዓመት የጠበቅኩትን መሬት በበሬ አስረገጥክብኝ» አሉ፣ በቃ። ቤት ገብተው ቲቪ ከፈቱ። ሳምንቱን ሙሉ ቲቪው አልጠፋም። እኔ ወጥ ቤት ስገባ ያ ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ ያየኛል፣ ክፍሌ ስገባ ግድግዳው ይጫነኛል። ውጣና ሂድ እላለሁ ለራሴ። ወዴት? አድራሻዬ የሳቸው ቤት ነው፤ ደብዳቤው የሚመጣው እዛ ነው። ሰው የበደለው ሰው ቤት ታስሮ፣ በዳዩ ራሱ ሆኖ፣ ሲበላ ሲጠጣ።

በሰባተኛው ቀን ወደ ማሳው ብቻዬን ሄድኩ፤ ስድስተኛ ልቆፍረው። አካፋውን ሳነሳ ሴትዮዋ አየችኝ። እንግሊዝኛዬ ያኔ «ፕሊስ» እና «ሶሪ» ነበር፤ እሷም አላወራችኝም። እጄን አንጓዬ ላይ ያዘችና ወደ ማሳዋ ወሰደችኝ። ገለባውን ገለል አድርጋ ጣቶቼን አፈሩ ላይ አስቀመጠችና ጫን አደረገችው። እጄ እስከ አንጓው ሰመጠ። እንደ ሊጥ። ከላይ ያን ሁሉ ደረቅ ሳምንት፣ ከሥር ግን ርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የዝናብ ቀን ጫካ ይሸታል። ትሎች በጣቶቼ መሀል ይሄዳሉ። መልሳ ወደኔ ማሳ ወሰደችኝና እዚያም እንደዛው አድርግ አለችኝ በምልክት። ጫንኩ። ጥፍሬ ተሰበረ።

እሷን ያህል የሰደበኝ ሰው የለም፤ አንድ ቃል ሳትናገር።

ጋሼን ጎትቼ አመጣኋቸው። በሳቸው አስተርጓሚነት ሴትዮዋ ነገረችን። ባሏ የሞተ ጊዜ እሷም ዳሌዋን ታማ ነበርና መቆፈር አቃታት፤ ያን ዓመት ሳትቆፍር ከላይ ፍግ ብቻ አልብሳ ተከለች፤ ከቆፈረችበት ዓመት የተሻለ አገኘች። ከዚያ በኋላ ለምን ልቆፍር አለች። ትሉ ነው የሚቆፍርልኝ፤ ቀዳዳው በሱ ነው የሚበጀው፣ ውኃው በዚያ ነው የሚገባው። ስትቆፍር ቤቱን ታፈርስበታለህ። ከሥር የተኛውን የአረም ዘር ታወጣና ታበቅለዋለህ። ሌሎቹ በየዓመቱ የማረሻ ሞተር ይከራያሉ፣ ቤንዚን ይገዛሉ፣ መሬቱ ሲደክም ማዳበሪያ ይገዛሉ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ገዝቼ አላውቅም።

«ትል በሬ ነው እያለች ነው?» አልኩ።

«ቀለብ የማይጠይቅ በሬ» አሉ ጋሼ።

ተናደድኩ። በሴትዮዋ አይደለም። ቆላ ያለው እርሻ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ማሳ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እንመላለሳለን፤ ሥራ አስኪያጁ «ጥልቅ! ጥልቅ አድርጉት!» ይላል። ናፍታው በቦቴ ከወደብ ይመጣል፣ የማረሻው ምላጭ ከውጭ አገር ይመጣል፤ ናፍታ ሲጠፋ ሁላችንም ጥላ ሥር ተኝተን እንውላለን፣ ዝናቡ ያልፈናል። የካቲት ላይ ነፋስ ሲነሳ ያረስነው ሁሉ ይነሳል። ሰማዩ ይቀላል፣ ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ጥርሳችን ላይ ይንኮሻኮሻል። የምንበላው መሬታችንን ነበር። በየዓመቱ ምርቱ ሲያንስ ጥፋተኛው እኛ ነን፤ ስብሰባ ተጠርተን አሻጥረኛ እንባላለን። እኔም አምኜ ነበር። ጠንክሬ ስላላረስኩ ነው ብዬ ይበልጥ ጥልቅ አደርገው ነበር። አሁን አንዲት አሮጊት ቆብ አድርጋ ያ ሁሉ ድካም ራሱ ጥፋቱ ነው ትለኛለች። ማንን ልምታ? አባቴን ልምታ?

«እሺ፣ አሁን ምን ይሁን?» አልኩ።

ለቼኩ የቀረን አምስት ሳምንት ነበር። ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ካሉ ሱቆች ካርቶን ለቀምን። የሙዝ ካርቶን፣ የፍሪጅ ካርቶን። ጋሼ የገበያ ጋሪያቸውን ይጎትታሉ፣ እኔ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ ከኋላ። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሴትዮ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አይተውን «ምነው፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አሉ። «አይ እመቤቴ፣ ለመሬት አልጋ እያነጠፍን ነው» አሉ ጋሼ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያቺ መሬት ጡብ ናት አትሰነጠቅም።

ካርቶኑን ያ ጡብ ላይ አነጠፍነው፣ አረሙን አፈንነው። አሎትመንቱ በር ላይ የፈረስ ፍግ ይከመራል፤ የበሰበሰውን መርጬ በጋሪ አመላለስኩ፣ ካርቶኑ ላይ አለበስነው። ሴትዮዋ የተረፋትን ችግኝ ሰጠችን፦ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ባቄላ፣ ዱባ። አካፋ አልነካንም። ቡናማውን ፍግ በሁለት ጣት ከፈት ማድረግ፣ ችግኙን ማስገባት፣ መዝጋት። አንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አንድ ወር ሙሉ እጄን ያቆሰልኩበት ሥራ።

ቼክ የሚያደርገው ሰውዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴትዮዋ ሌላ ነገር ይዛ መጣች። አንድ ሰው ለካውንስሉ ተናግሯል፦ ያንን መሬት የያዘው ሽማግሌ አይሠራበትም፣ ሌላ ጎረምሳ ነው የሚሠራው፣ አከራይቶታል ብሎ። ደንቡ ላይ ደግሞ ስሙ ያለበት ሰው ራሱ መሥራት አለበት። በሬዎቼ ናቸው ያስጠቆሙኝ! ያን ሁሉ ጩኸት ማን ያልሰማው አለ።

«አንተ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለህ» አሉኝ ጋሼ። «ምንም እንዳትናገር። ወረቀት የለህም፣ ስምህን ከጠየቁህ ለሁለታችንም ጣጣ ነው።»

ስለዚህ ያን ቀን ከሽቦው ውጭ ቆሜ ነው ያየሁት። ክራባት ያሰረ ወጣት መጣ፣ ከኔ በዕድሜ የማይበልጥ፣ ወረቀት የተያዘበት ሰሌዳ አቅፎ። ማሳውን ዞረ። ካርቶኑን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ራሱን ነቀነቀ። የሚለው ባይሰማኝም እጁ ይናገራል፦ ይሄ ቆሻሻ ነው፣ አልተቆፈረም። ሴትዮዋ ከማሳዋ ሆና ጮኸችበት። ጋሼ ዝም በይ አሏት በእጃቸው። ከዚያ ያን ጫማ ለማሰር እንኳ የማይታጠፍላቸውን ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ከሣጥኑ አንድ የቀረች የጎመን ችግኝ አወጡ። ፍጉን በሁለት ጣት ከፈቱ፣ ካርቶኑን ቀደድ አደረጉ፣ አስገቧት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። ቀና ብለው አዩት። ሌላ ደግሞ ልትከል ወይ እንደማለት።

እጄ ሽቦውን ጨብጦ ነበር። ላግዛቸው አልችል፣ ልጮህ አልችል።

ወጣቱ ተንበረከከና እሱም ጣቱን አስገባ። ካርቶኑ ሥር። አወጣው፣ ጣቱ ላይ ትል ነበር። ትሎቹ ገብተዋል፤ በአምስት ሳምንት፣ የኔ ጡብ ውስጥ! ሳቀ። ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ለጋሼ እጁን ዘረጋላቸውና ደግፎ አስነሳቸው።

መሬቱ ቀረላቸው።

ኦገስት ላይ ድርቅ ሆነና ካውንስሉ በጎማ ውኃ ማጠጣት ከለከለ። ከባልዲ ጋር ሲሮጥ የማይውል አልነበረም። ጋሼ ግን በሳምንት አንዴ በትንሽ ጣሳ። ከላይ የለበሰው ፀሐዩን ይመልሳል፣ ከሥር ርጥበቱ አለ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ሦስት አረም ይነቅላሉ፣ ጎመን ቆርጠው በከረጢት ይዘው ይመለሳሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ቲቪው ጠፋ። ደብዳቤውን ከፍሪጁ ላይ አንስተው ቀደዱት።

እኔ? ለሥራ ማንም አይፈልገኝም። ያ ዘዴ ጥቅሙ ምንድነው? ጉልበት አይጠይቅም። ናፍታ አይጠይቅም፣ በሬ አይጠይቅም፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳም አይጠይቅም። መንበርከክ የሚችል ሽማግሌ ይበቃዋል። ክፍሌ ውስጥ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ እውላለሁ፣ የሚሠራበት ያጣ ጉልበቴ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንቅልፍ ጠፋ። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄድኩና ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ያለችውን ይስጡኝ። ትንሿን። ልቆፍራት።»

«ለምን?»

«ምንም አልዘራባትም። መቆፈር ብቻ።»

ሳንቃ ላይ ተቀምጠው ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። «ወደይ» አሉ፣ «መሬቱን ላንተ ንዴት አልሰጥም። ንዴትህን ሌላ ቦታ ቆፍረው።»

«የት?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሴትዮዋ ዞር አለች። «የት ነው እሱ ቦታ? ያሳዩኝ። ሥራ የለ፣ ወረቀት የለ፣ አገር የለ፤ የት ሄጄ ልቆፍር?»

ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩ፦ የሽቦው አጥር፣ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ማዶ ጀርባቸውን የሰጡን ቤቶች። የሚጠቁሙት ቦታ ፈልገው አጡ። ሳንቃው ላይ ትንሽ ጠጋ አሉልኝ፤ ተቀመጥኩ። ከባቄላው አንድ እቅፍ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ፈለፈልኩ።